በአንድ ከርነል መጎራበት

ግቢ ከፋፍላችሁ ቤት አከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እዚህ የማወራው ነገር አዲስ አይሆንባችሁም፤ የት ጋ እንደተሳሳትኩ ከእኔ ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ። ተከራይታችሁ ብቻ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ አከራይ ሲዋረድ መስማት ደስ ይላልና አረፍ በሉ።

የምኖረው ቆቦ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ አትማለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውሃ የገባበት ስልክ አደርቃለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። መብራት ሲኖር በስልኬ አነባለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ያነበብኩትን አስባለሁ፤ የበለጠ የተማርኩት በጠፋባቸው ሰዓቶች ይመስለኛል። እንግሊዝኛውን ግማሹን እረዳለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። በዚህ ወሬ ውስጥ የተበላሸው ነገር ሁሉ የመጣው ከተገመተው ግማሽ ነው።

ከሱቋ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሰርቨር ብዬ የምጠራው ኮምፒውተር አለ። ሌላ ሰው ቢያየው አቧራ የለበሰ ጥቁር ሳጥን ነው የሚለው። ለእኔ ግን ግቢዬ ነው። ተከራዮቼ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እያንዳንዱን በየራሱ ክፍል አስገብቼዋለሁ፤ ክፍሉም በሙያው ቋንቋ ኮንቴይነር ይባላል። ቆቦ ላይ ኮንቴይነር ስትሉ ሰው የሚያስበው የብረቱን ሱቅ ስለሆነ፣ መጀመሪያ አካባቢ የት እንዳስቀመጥኩት የጠየቁኝ ነበሩ። የእኔው በእጅ አይነካም። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ዓለም ማለት ያ ክፍል ብቻ ይመስለዋል፤ ጎረቤት እንዳለው እንኳ አያውቅም። እንዲህ ያለ ኑሮ ለሰውም በሰጠን።

ነገር ግን ክፍሎቹ ይለያዩ እንጂ የግቢው አገልጋይ አንድ ነው። ከርነል ይባላል። ቧንቧውም፣ ቆጣሪውም፣ የውጭ በሩም በእሱ እጅ ነው። ማንኛውም ተከራይ ማንበብ ቢፈልግ፣ መጻፍ ቢፈልግ፣ ወደ ውጭ መነጋገር ቢፈልግ የእሱን መስኮት አንኳኩቶ ይጠይቃል፤ ሌላ መንገድ የለም። ክፍሎቹን የሚያጥር፣ ለከርነልም «ይህ ተከራይ ይህን ቢጠይቅ ስጠው፣ ያንን ቢጠይቅ እንዳልሰማህ ሁን» ብሎ የሚነግር ሌላ ፕሮግራም ደግሞ አለ፤ እሱ ራንታይም ይባላል። ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ እንግዲህ ግንብ አይደለም፤ ለከርነል የተነገረ ቃል ነው። ከርነል ከተታለለ ሁላችንም አንድ አልጋ ላይ ነን።

የመጀመሪያው ተከራዬ የውሃ ተራ ነበር። ከቆቦ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ፣ በአንድ ጉድጓድ ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ድሮ ተራውን የሚጠራው የፓምፕ ጠባቂው ነበር። ጠባቂው ደግሞ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ አማት አለው፣ አበልጅ አለው። ሲታማ ከረመና በስብሰባ «ከእንግዲህ ሰው አይዘዝ፣ ስልክ ይዘዝ» ተባለ። እኔም ለየባለተራው «ተራዎ ነው» የሚል መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራሁ። ለጠባቂውም ይደርሰዋል። መልእክቱ ያለው ይሆናል፤ ይግባኝ የለም። ሁሉም ሰው ከሐሜት በመገላገሉ ደስ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው ጠባቂው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሰብ አቆመ።

ተራውን በቃል ያስያዙኝ የውሃ አባቱ፣ የውሃውን ክፍፍል የሚዳኙት ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ከነገሩኝ በኋላ አንዲቱን ደንብ ደገሙልኝ፤ ሊወጡ ተነሥተው በሩ ላይ ቆመው እንደገና አሉኝ። በአያ ይማምና በአያ ሞላ መካከል ሁልጊዜ አሚናት ትግባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ ሰዎች ማሳ ድንበርተኛ ነው። በድንበሩ ምክንያት የአያ ሞላ ልጅ የአያ ይማምን ወንድም ገደለ። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ በደሙ ላይ ተማማሉ፤ እርቁም እርቅ ነው፣ ማንም አላፈረሰውም። ግን ታርቆ መኖርና በጠራራ ፀሐይ አካፋ ይዞ ቦይ ላይ መገናኘት ይለያያል። የአንዱ ተራ ሲያልቅ የቦዩን ላሜራ፣ ውሃ መዝጊያውን ብረት፣ ይዘጋል፤ ባለተራው መጥቶ የራሱን ይከፍታል። ለአንዲት ደቂቃ ሁለት ሰው አንድ ብረት ይነካል። ሼህ እንድሪስ ያቺን ደቂቃ ነው የፈሩት። ስለዚህ ውሃው ከይማም እጅ ወደ አሚናት፣ ከአሚናት እጅ ወደ ሞላ ይሄዳል። አሚናት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከሁለቱም ወገን አትዛመድም፣ ማንም እጁን አያነሳባትም። ማሳዋ ከቦዩ ራስ ስለሆነ ውሃው ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ እንደገና ይወርዳል። ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል።

እኔ ዐወቅሁ፤ ደንቡንም ጻፍሁት። ከዚያ ግን ጠንቃቃ መስዬ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ፕሮግራሙ ድንገት ደንቡን ማንበብ ቢያቅተው፣ በማሳዎቹ አቀማመጥ ከላይ ወደ ታች ይላክ። ማሳ እንደ እግዜር አቀማመጡ ቢጠጣ ማን ይቀየማል ብዬ ነው። የተጣሉት ሰዎች የተጣሉት ድንበርተኛ ስለሆኑ መሆኑን፣ በአቀማመጥ ከሄድን ደግሞ ይማምና ሞላ ተከታትለው እንደሚመጡ፣ በዚያን ሰዓት አልታየኝም።

ሁለተኛው ተከራይ ሰይድ ነው። ሰይድ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፤ የስልክ ቀፎ ይሸጣል፣ መንዙማና የሰርግ ዘፈን በሚሞሪ ይጭናል። ደንበኞቹ ከየስልካቸው ሆነው ዘፈን የሚመርጡበት ገጽ ከአንድ ሰው በነፃ አገኘና፣ «እታለም፣ ካንች ማሽን ላይ አንድ ጥግ» አለኝ። ሰጠሁት። ገጹ ሠራ። ችግሩ፣ ፍላሽ ሲሰካ ኮንቴይነሩ ፍላሹን አያይም። ማየት የለበትማ፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው የግቢው በር ላይ ማን እንደመጣ ምን አገባው። ይህን ለሰይድ ባስረዳው፣ አንገቱን ነቅንቆ ሰምቶኝ፣ ሻይ ጠጥቶ ተመልሶ መጣና «እታለም፣ ፍላሹ አሁንም አልታየም» አለኝ።

እናንተ ለጎረቤት እምቢ ማለት የሚቻልበት አገር ትኖሩ ይሆናል። እዚህ ግን ሰው ከጠየቀህ ወይ ትሰጣለህ፣ ወይ «ኢንሻአላህ» ብለህ ትደበቃለህ። የምኖረው ከግድግዳው ወዲህ ነው፤ የት እደበቃለሁ። ሳስስ አንድ የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ የጻፈው መልስ አገኘሁ፦ ኮንቴይነሩ ሲነሣ አንድ ቃል ጨምሩ፣ ሁሉም ነገር ይታየዋል። ቃሉ «ፕሪቪሌጅድ» ነው፤ ባለመብት አድርጉት እንደማለት። ከመልሱ ሥር ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ እሱን ከምገምተው ግማሽ መደብኩት።

ቃሏን ጨመርኩ፤ ፍላሹ ታየ። ሰይድ እጄን ይዞ መረቀኝ፤ ለልጆቼ ጭምር መረቀ፣ ልጅ ግን የለኝም። እኔም ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ዋልኩ። የክፍሉን መስኮት ክፈችልኝ ላለኝ ሰው የውጭ በሩን፣ የቆጣሪውን ሣጥንና የሌሎቹን ተከራዮች ቁልፍ አንድ ላይ አስሬ እንደሰጠሁት አላወቅሁም። ሰይድ ሌባ አይደለም፤ ፍላሹን ብቻ ነው የፈለገው። ግን በነፃ ያገኘው ገጽ ወደ ኢንተርኔት የተከፈተ ነው፤ ቀዳዳም ነበረው። በቀዳዳው የገባ ሰው የሰይድ ገጽ ባለበት ክፍል ውስጥ ራሱን አገኘው፤ ቁልፎቹ ሁሉ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

የምነግራችሁ ቀን ጠዋት ሱቄን ስከፍት የማሽኑ ማራገቢያ ሲጮኽ ደረስኩ። የራያ ሙቀት ነው ብዬ የካርቶን ክዳን አንሥቼ አራገብኩለት። ደንበኛ መጣ፤ አንድ እጄ ፎቶ ሲቆርጥ አንድ እጄ ማሽን ያራግባል። ደንበኛው «ታሞ ነው?» አለኝ። ሙቀት ነው አልኩት።

ረፋዱ ላይ ፓምፕ ጠባቂው ደወለ። ሰላምታውን አሳጠረው፤ ወሎ ውስጥ ሰው ሰላምታ ካሳጠረ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሊሞት ነው። የዛሬው ተራ ግራ እንደገባው ነገረኝ። ለአያ ይማም «ተራዎ ነው» የሚለው መልእክት ደጋግሞ መጥቷል፤ ቀጥሎ ደግሞ የአያ ሞላ መጥቷል፤ በመካከላቸው አሚናት የለችም። ምን ላድርግ አለኝ። ፓምፑን አጥፋው ስለው፣ «መልእክት አልመጣልኝም» አለ። እኔ ነኝ እኮ የምልከው ስለው፣ «እንግዲያው ላኪልኛ» አለ። ሕጉ ሕግ ነው።

ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ትእዛዝ ጽፌ መልሱ እስኪመጣ አንድ ሰው ሁለት ማመልከቻ ይጽፋል። የማላውቀው ፕሮግራም ማሽኑን ሙሉ ለሙሉ ይዞታል። ከርነል ደግሞ ማስታወሻው፣ ማሽኑ የሚሠራበት ሜሞሪ፣ ሲሞላበት ከተከራዮቹ አንዱን የመግደል ልማድ አለው፤ ክፋት አይደለም፣ እንዲህ አድርገው ነው የሠሩት። የሚገድለው የእኔን የውሃ ተራ ነበር። ራንታይሙ መልሶ ያስነሣዋል፤ ደንቡን ሊያነብ ሲል አቅም ያንሰዋል፤ እኔ እንዳዘዝኩት፣ ተራው ከደረሰበት ከይማም ጀምሮ በማሳ አቀማመጥ ይልካል፤ እንደገና ይገደላል። በተነሣ ቁጥር «ተራዎ ነው» ይላል። ለይማም። ለሞላ። ለይማም። ለሞላ።

የሰይድን ኮንቴይነር ዘጋሁት። ማራገቢያው አልቀነሰም። ተከራዩን አስወጥቼ ክፍሉን ቆልፌ ሌባው ሳሎን ተቀምጧል ማለት ነው። ስበረብር ያንን የማላውቀውን ፕሮግራም ማን እንዳስነሣው አገኘሁ፦ ያስነሣው ከርነል ራሱ ነበር። ከዚያ አንዲት ፋይል ከፈትኩ፤ ፕሮግራም ሲሞት ከርነል ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነገርበት ቦታ ናት። እኔ ጽፌባት የማላውቀው መስመር ተጽፎባታል። ሌባው ከሰይድ ክፍል እንዴት እንደወጣ ገባኝ። ሲገባኝ ደስ ማለቱ አይቀርም፤ ለሦስት ትንፋሽ ያህል ተደነቅኩ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

ማራገቢያው ዝም አለ። አለፈልኝ ብዬ ተነፈስኩ። ጠባቂው ጋ ደወልኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼዋለሁ፣ በቃ አልኩት። እሱም ተረጋግቶ፣ ማሽኑ ካልሠራ የመጨረሻው መልእክት እንደጸና ይቆያል አለኝ፤ በስብሰባ የተወሰነ ነው። የመጨረሻው መልእክት ደግሞ የሞላ ነው። ይማም ገና አላጠጣም፤ ሞላ አካፋውን ይዞ እየወረደ ነው።

ሼህ እንድሪስ ጎብዬ ከተማ ለቅሶ ሄደዋል። ስልካቸው አይነሣም። ለቅሶው ቤት ያለ ሰው ፈልጌ በሰው በሰው አስነገርኩና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ፣ ሳልጠራው፣ አጠገቤ ተቀመጠ። መንገድ ላይ ከቆላ ለገበያ የሚነዱ ግመሎች ገጠሙን። ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ። ግመሎቹ ዘወር ብለው አዩን፤ ሌላ ለውጥ አልነበረም። አንድ ሰው ሊሞት ነው እያልኩ በልቤ ስጸልይ፣ ሰይድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እታለም፣ ዘፈኖቹ ግን አሉ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እስካሁንም አልሰጠሁትም።

ስንደርስ ሁለቱም ነበሩ። አያ ይማም ላሜራው ላይ አንድ እግሩን አድርጎ ቆሟል። አያ ሞላ ከቦዩ ወዲያ ነው። አሚናት በመካከላቸው ውሃው ውስጥ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ የይማምን አካፋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ተራዬ የት ገባ ብላ ልትጠይቅ መጥታ ነው አካፋው ሲነሣ ያየችው። የያዘችው በእንጨቱ በኩል አልነበረም። ደሟ በክንዷ ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ውሃውም ይዞት ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል። አካፋው አሁን አይንቀሳቀስም። ሁለቱም ያዩት ደሙን ነው። ከእሷ ጋር የተጣላ ሰው የለም።

ጠባቂው ከፓምፑ ቤት በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል።

ቦዩ ውስጥ ገባሁ። የከተማ ጫማዬ አንደኛው እዚያው ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የማሽኔ ነው አልኩ። አያ ይማም አላየኝም። በሌላ እጁ ስልኩን አወጣና ዘረጋልኝ፤ «ተራዎ ነው፣ ተራዎ ነው፣ ተራዎ ነው» ከላይ እስከ ታች።

«ስንቴ ነው ተራህ ነው የምባል? ወንድሜን ቀብሬ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ። በስልክ ይሳቅብኝ?»

«ማንም አልሳቀብዎ አያ ይማም። ሌባ ገብቶብኝ ነው።»

አያ ሞላ ከወዲያ ማዶ፣ ለእኔ፣ «ሌባ ውሃ ምን ያረግለታል?» አለ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሌባው ውሃውን አይፈልግም፣ ውሃ መኖሩን አያውቅም፣ እናንተን አያውቅም አልኩ። የእኛን ማሽን እያደከመ የኢንተርኔት ሳንቲም የሚያመርት ነው፤ ቆቦ የምትባል አገር መኖሯንም አልሰማ። ይህን ስናገር ከማጽናናት ይልቅ የባሰ አስቀያሚ ሆኖ ተሰማኝ። በማያውቃቸው ሰው ሊገዳደሉ ነበር።

ታዲያ እንዴት ገባ አለ አያ ይማም። ጥያቄው ጊዜ መግዣ ይሆነኛል ብዬ ያዝኩት። የፀሐዩ እሳት፣ የአሚናት ደም፣ የእኔ አንድ ጫማ፣ እዚያ ቆሜ ከርነል ማስተማር ጀመርኩ። በምን ላስረዳ። ቅሬ መጣልኝ፤ እኛ ጋ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ የሚያስተዛዝነው ማኅበር ቅሬ ነው።

«ማሽኑ ውስጥ አንድ አገልጋይ አለ፤ እንደ ቅሬ ጠሪ በሉት። አንድ ፕሮግራም ሲሞት ‹ማንን ልጥራ› ብሎ የተጻፈለትን ያነባል፤ የተጻፈለትን ሰው ሄዶ ይጠራል፤ በሩንም ይከፍትለታል። ሌባው የጎረቤቴ ክፍል ውስጥ ሆኖ ያቺን ጽሑፍ ደለዛት። ‹ሰው ሲሞት እኔን ጥራ› ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንዱን ፕሮግራም አስነሥቶ ሆን ብሎ ገደለው። አገልጋዩ ምስኪን ነው፣ ሞት ሲሰማ አይጠራጠርም፤ ሄዶ ሌባውን ጠራና በገዛ እጁ የግቢውን በር ከፈተለት።»

ካልኩ በኋላ ለማን ስለ ሞት እንደማወራ ገባኝ። ምላሴን ብውጠው በወደድኩ። ሰይድ ከቦዩ ዳር ፊቱን ሸፈነ።

አያ ይማም ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ «ሞት ሳይኖር ቅሬ ጠራ» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ።»

«ለሌብነት።»

«አዎ፣ አያ ይማም።»

አካፋውን ለቀቀው። አሚናት ይዛው ቀረች፤ እሷ ለመልቀቅ ጣቶቿ አልታዘዙላትም፤ እኔ ነኝ አንድ በአንድ ያላቀቅኋቸው። አያ ሞላ ውሃውን እያየ «ነውር ነው» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም፤ ለይማም አልነበረም፣ እነሱ አይነጋገሩም። ለውሃው ይመስለኛል። ግን ይማም ሰምቶታል።

ሼህ እንድሪስ ሞተር ብስክሌት ላይ፣ ከአንድ ጎረምሳ ጀርባ፣ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። ማንንም አልጠየቁም። ጥምጣማቸውን ቀደው የአሚናትን መዳፍ አሰሩ፤ ላሜራውን በራሳቸው እጅ ዘጉ፤ ጠባቂውን አንዴ አዩት፣ ፓምፑ ጠፋ። መልእክት አልጠበቀም።

ተቀመጥን። ዕለቱን ማንም ሳያጠጣ እንዲውል ተወሰነ። ሁለቱ ሰዎች መሐላቸውን እንደገና አጸኑ፤ አያ ይማም ለአሚናት ካሳ አለብኝ አለ፣ ይህም ተፈጸመ። ሁሉም ሲያበቃ አሚናት የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተናገረች።

«ሼህ እንድሪስ፣ እኔ ከዛሬ ወዲያ መሃላቸው አልገባም። እስካሁን የገባሁት ማንም አይነካኝም ስላሉኝ ነው። ልጆች አሉኝ። ዛሬ ብሞት ማን ነበር የሚያሳድግልኝ?»

ሼህ እንድሪስ መሬት መሬት አዩ። ሰው ቆጠሩ በልባቸው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ ወይ ለይማም አማች ነው፣ ወይ ለሞላ አበልጅ ነው። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«አንች መሬት አለሽ?»

«የለኝም ሼህ እንድሪስ።»

«ካንዳቸው ትዛመጃለሽ?»

«አልዛመድም።»

«ልጅስ?»

«የለኝም።»

ይህን ያህል ምንም የሌለኝ መሆኔ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። «እንግዲያው ነገ በተራው ሰዓት ነይ» አሉኝ።

ማሽኑን አጥቤዋለሁ። አንዴ ሌባ ሳሎን ከገባ የቱን ዕቃ እንደነካ አይታወቅምና፣ ሁሉንም ደምስሼ ከመሠረቱ ሠራሁት። ያቺን ቃል ዳግመኛ አልጻፍኳትም። አሁን ተከራዮቼ ከርነልን የሚጠይቁት የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ነው፤ አደገኛውን ጥያቄ ራንታይሙ ከመስኮቱ ይመልሰዋል። የከርነል ማዘዣዎች ለንባብ ብቻ ናቸው፤ መደለዝ የለም። ማንም ተከራይ እንደ አለቃ አይገባም፤ ማንም ከተመደበለት ማስታወሻ በላይ አይበላም። የሰይድን ዘፈን ደግሞ እሱው ሱቅ ወዳለ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣሁት፤ ከርነሉ የራሱ ነው፤ ቢሰበርም የሚሰበረው የእሱ ቤት ነው። ሰይድ ትንሽ ተቀይሞኝ ነበር፤ እምቢ መባል አልለመደም። እኔም እምቢ ማለት አልለመድኩም፤ አብረን ታመምን፣ አብረን ዳንን። የውሃ ተራውንም ደንቡን ማንበብ ካቃተው ምንም እንዳይልክ አዘዝኩት። ዝም ማለትን አስተማርኩት ማለት ነው፤ ለእኔ ማን ባስተማረኝ።

ሁሉንም ጨርሼ ሼህ እንድሪስ ጋ ሄድኩ። ማሽኑ ተስተካክሏል፣ ደግሞ አይሳሳትም፣ እንግዲህ ልለቀቅ አልኳቸው።

«ማሽንሽስ ዳነ» አሉ። «እነሱስ?»

እናም ተራዋ ከእኔ ጋር ቀረች። የይማም ሰዓት ሲያልቅ ሱቄን ዘግቼ በባጃጅ እወርዳለሁ። ደንበኞቼ ለምደውታል፤ «ውሃ ላይ ናት» ይባባላሉ። አያ ይማም ሲያየኝ ከላሜራው ይርቃል። እኔ እዘጋለሁ፤ እንደ አሚናት የማጠጣው ማሳ ስለሌለኝ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ እሱ ሩቅ መሄዱን ሳረጋግጥ ለአያ ሞላ እከፍታለሁ። ሁለቱም «ጤና ይስጥልኝ» ይሉኛል፤ አንዱ ስለሌላው ጠይቆኝ አያውቅም። ጫማ መቀየሪያ በፌስታል እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ፣ አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ሄጃለሁ። ራንታይም መሆን ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ማንም አይጽፈውም።

እየዘገየሁ ውሃው እንደሚባክን ሳማርር ሼህ እንድሪስ «ይፍሰስ። ውሃ ነው» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ባጃጁ ጎማ ፈነዳበትና በጣም ዘገየሁ። እኔ ካልመጣሁ አያ ይማም ላሜራውን አይነካም፤ አያ ሞላም አይጠጋም፤ የጠገበው ማሳ ሞልቶ ውሃው በትርፉ ቦይ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። በመንገዱ የሚያልፉ ሾፌሮች ቆላው ላይ ያለ ወሩ የዘነበ ይመስላቸዋል። ከሩቅ መንገዱ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር፤ ደረቅ ሆኖ ባገኘው አንዱ ላሜራውን በራሱ እጅ ነክቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኝ አላውቅም። ኩርባውን ስንዞር አስፋልቱ ያበራል፤ ከዳር እስከ ዳር ርሷል። የባጃጁ ሾፌር ይሄ ሁሉ ውሃ ያሳዝናል አለኝ። እኔ ግን እግዜርን አመሰገንኩ፤ ሁለቱም ገና እየጠበቁኝ ነው።